ረቡዕና ቅዳሜ የሚጠፋው ዋይፋይ

ይህን ራውተር ሁለት ወር ሙሉ ያለ ጥፋቱ ረግሜዋለሁ። ስለዚህ ይህ ጽሑፍ ምስክርነትም ካሳም ነው።

ዕቃው ቲፒ-ሊንክ አርቸር ሲ6 ይባላል። ግንቦት 2016 ላይ መገናኛ፣ አንዱ ሕንጻ ሦስተኛ ፎቅ ካለ ሱቅ ገዛሁት። ስንት ገዛኸው ለምትሉኝ፣ የኔ ደረሰኝ አሁን ለማንም አይጠቅምም። ሐምሌ 22 ቀን 2016 የብር ምንዛሪ በገበያ ይወሰን ከተባለ ወዲህ ከውጭ የሚገባ ዕቃ ዋጋው ሌላ ነው። ሦስት ሱቅ ጠይቁና ግዙ።

ሻጩ ገና ከመደርደሪያው ሲያወርደው «አራት አንቴና ነው ወንድሜ፣ ለአራት ክፍል» አለኝ። አንዱ ለሳሎን፣ አንዱ ለማድ ቤት መሆኑ ነው። አንቴና እንደ ዳቦ ለየክፍሉ አይታደልም። ልጁ ግን ጨዋ ነበር። ካርቶኑን ከፍቶ፣ ሰክቶ፣ መብራቱ ሲበራ አሳይቶ ነው የሸጠልኝ። ይህን ሳታዩ ከሱቅ አትውጡ። የቻርጀሩንም መሰኪያ እዩት። የኔው ባለ ሦስት ጠፍጣፋ እግር ነው፣ የቤታችን ሶኬት ደግሞ ባለ ሁለት ክብ ቀዳዳ። መቀየሪያዋን እዚያው ገዛሁ። ስትሰኩባት የምትወዛወዝ ከሆነች መልሷትና ሌላ ይስጧችሁ።

የምንኖረው ኮንዶሚኒየም ነው፤ አራተኛ ፎቅ፣ ባለ ሁለት መኝታ። እኔ ሒሳብ ሠራተኛ ነኝ። ረቡዕ ረቡዕ ከቤት ነው የምሠራው። እናቴ አብራኝ ትኖራለች። እህቴ ቤሩት ናት፤ ከእማዬ ጋር በኢሞ ካላወሩ ሁለቱም እንቅልፍ አይወስዳቸውም። የፋይበሩን ሳጥን፣ ማለትም ኢንተርኔቱን ወደ ቤት የሚያስገባውን ዕቃ፣ ሊገጥሙ የመጡት ልጆች ገመዱ የገባበት ቦታ ላይ፣ ከመግቢያው በር ጀርባ ሰቅለውት ሄዱ። ሳጥኑ የራሱ ዋይፋይ አለው። እማዬ መኝታ ቤት ግን ሁለት የብሎኬት ግድግዳና አንድ የኮንክሪት ኮለን አልፎ ነው የሚደርሰው። ኮለን ውስጥ ደግሞ ብረት አለ። የእህቴ ፊት ስክሪኑ ላይ ይደርቃል፣ እማዬ «ሄለው? ሄለው?» እያለች ስልኩን ወደ መስኮት ይዛ ትሄዳለች። ራውተር የገዛሁት ለዚህ ነው።

መግጠሙ ከባድ አይደለም። እኔ ግን አከበድኩት።

ከኋላው አምስት የገመድ ቀዳዳ አለው። አንዱ ሰማያዊ ነው፣ ለብቻው። አራቱ ሌላ ቀለም ናቸው። ሰማያዊው ከፋይበሩ ሳጥን የሚመጣውን ገመድ የሚቀበል ነው፤ አራቱ ወደ ኮምፒውተርና ወደ ቴሌቪዥን ለሚሄዱት። እኔ ገመዱን ካራቱ አንዱ ላይ ሰካሁ። የሚያስቸግረው፣ እንዲህ ሲሰካም አንዳንዴ ይሠራል። ስልኬ ኢንተርኔት አገኘ፣ ላፕቶፑ አላገኘም። ከአሥር ደቂቃ በኋላ ደግሞ ተገለባበጡ። ሳጥኑም ራውተሩም ለእያንዳንዱ ዕቃ የቤት ቁጥር እናድላለን ብለው ይሻማሉ፤ ማን ቀድሞ እንደሰጠ ነው ዕድሉ። ያን ማታ እስከ ስድስት ሰዓት ቅንብሩን ስነካካ አመሸሁ። ጠዋት ቡና ስጠጣ ሰማያዊዋ ቀዳዳ ባዶ መሆኗን አየሁ።

ገመዱ በትክክል ከገባ በኋላ ያለው ሥራ ሩብ ሰዓት አይፈጅም። ከራውተሩ ሥር የተለጠፈ ወረቀት ላይ የዋይፋይ ስምና ፓስወርድ ተጽፏል፤ በዚያ ትገቡና ብሮውዘር ላይ 192.168.0.1 ትጽፋላችሁ። የራውተሩን ፓስወርድ አውጣ ይላችኋል። ይህ የዋይፋዩ ፓስወርድ አይደለም፣ የቅንብሩ በር ቁልፍ ነው። ሁለቱን አንድ አታድርጓቸው። የዋይፋዩን ለጎረቤት ልትሰጡ ትችላላችሁ፤ የቅንብሩን ግን ለማንም አትስጡ። ከዚያ የግንኙነቱን ዓይነት ይጠይቃል። የፋይበሩ ሳጥን ራሱ የሚገናኝ ከሆነ፣ እንደኛ ቤት፣ «ዳይናሚክ አይፒ» የሚለውን መርጦ ማለፍ ነው። የተጠቃሚ ስምና ፓስወርድ በወረቀት የሰጧችሁ ከሆነና በራውተሩ አስገቡ ካሏችሁ ደግሞ «ፒፒፒኦኢ» የሚለው ነው።

ስሙን በፊደላችን ልጽፈው አምሮኝ ነበር። የዋይፋይ ስም ከ32 ባይት አያልፍም። አንድ የግዕዝ ፊደል ብቻውን 3 ባይት ይበላል። ስለዚህ ከ10 ፊደል በላይ አይፈቀድልንም ማለት ነው። «እማዬ ቤት» ይበቃው ነበር። ግን የእማዬ አሮጌ ስልክ አራት ማዕዘን ሳጥኖች ብቻ እንዳያሳያት ፈርቼ በላቲን ጻፍኩት።

ፕሪንተሩ ለብቻው አንድ ቀን አስፈጅቶኛል። የተያያዘው በአሮጌው ዋይፋይ ነበር፣ እኔ በአዲሱ። አንድ ቤት ውስጥ ሆነን አንተያይም። የሳጥኑን ዋይፋይ አጠፋሁና ፕሪንተሩን ወደ አዲሱ አመጣሁት። አለበለዚያ ራውተሩን «አክሰስ ፖይንት» በሚለው አሠራር ማድረግ ይቻላል፤ ያን ጊዜ ቁጥር ማደሉን ለሳጥኑ ይተዋል።

ቦታው ላይ ተጨቃጭቀናል። እኔ ሳሎን፣ ቡፌው አናት ላይ አስቀመጥኩት። የቤቱ መሐል ስለሆነ ነው። 8 ሜትር ገመድ በግድግዳው ጥግ ጥጉን ወሰድኩለት። በማግስቱ ከሥራ ስመለስ ራውተሩ ዳንቴል ለብሷል። በነጭ ክር የተሠራ፣ ዳር ዳሩ ዘርፍ ያለው፣ አራቱ አንቴናዎች ብቻ ወጥተው።

«እማዬ፣ ይሄ ይሞቃል እኮ!»

«አቧራ ይጠጣል እንጂ ምን ይሞቃል? ቴሌቪዥኑስ ለብሶ የለ?»

ጨርቅ ሞገዱን ያን ያህል አይከለክልም፤ ሙቀቱን ግን ያፍነዋል። በመጨረሻ ተስማማን። ዳንቴሉ ከሥሩ ተነጠፈ፣ ከላይ አይለብስም።

አሁን ወደ ፍጥነቱ። ብዙ ሰው ራውተር ሲቀይር ኢንተርኔቱ የሚፈጥንለት ይመስለዋል። ከቧንቧው የሚመጣው ውኃ ቀጭን ከሆነ ትልቅ ሮቶ መስቀል ምን ያደርጋል? የኛ ጥቅል በሰከንድ 10 ሜጋቢት ነው። ሜጋባይት አላልኩም፤ ለስምንት ስታካፍሉት 1.25 ሜጋባይት ይሆናል። ካርቶኑ ላይ ያለው 867 እና 300 የሚል ቁጥር በራውተሩና በስልካችሁ መካከል ያለው ነው፣ እሱም በተመቻቸ ቦታ። ከውጭ የሚመጣውን አይጨምርም። የኔ ለውጥ መኝታ ቤት ነው። በሳጥኑ ዋይፋይ እማዬ አልጋ ላይ ሆኜ ስለካ ከ2 ሜጋቢት አይበልጥም ነበር። ከአዲሱ ጋር 8 እና 9 ሆነ። ሳሎን ሙሉው 10 ይመጣል። ያው 10 ነው፣ አሁን ግን ሁሉም ክፍል ይደርሳል።

ሁለት ሞገድ አለው። 5 ጊጋኸርዝ ፈጣን ነው፣ ግድግዳ ግን ቶሎ ያደክመዋል። 2.4 ቀርፋፋ ነው፣ ሩቅ ይሄዳል። ሁለቱን የተለያየ ስም ሰጠኋቸው። ላፕቶፑና ቴሌቪዥኑ በ5፣ የእማዬ ስልክ በ2.4። የእሷ ስልክ 5ን ጨርሶ አያየውም፤ «ስሙ አልመጣልኝም» የሚል ዘመድ ካላችሁ ምክንያቱ ብዙ ጊዜ ይኸው ነው። ኮንዶሚኒየም ውስጥ ደግሞ 2.4 እንደ ሚኒባስ ተራ ነው። ስልኬ ላይ የ23 ጎረቤት ዋይፋይ ቆጠርኩ። በ2.4 ላይ እርስ በርስ የማይደራረቡት ቻናሎች 1፣ 6 እና 11 ናቸው። እኛ ደረጃ ላይ አብዛኛው 6 ላይ ተከምሯል። 11 ላይ አደረግኩት፣ ስፋቱንም 20 ሜጋኸርዝ አልኩት። የኢሞው ድምፅ ተስተካከለ።

ሦስት ወር እንዲህ ምንም ሳይለኝ ሠራ። መስከረም ላይ ጣጣው ጀመረ።

አንድ ረቡዕ ጠዋት፣ ስብሰባ ላይ እያለሁ ተቋረጠ። ከሦስት አራት ደቂቃ በኋላ ተመለሰ። ቅዳሜ እንደገና። በሚቀጥለው ረቡዕ እንደገና። በመሐል ባሉት ቀናት ምንም የለም። ያኔ ግን ቀኑን አላስተዋልኩም፤ «ደግሞ ጠፋ» ብቻ ነው የምለው። አጥፍቼ አበራሁት። ሪሴት አድርጌ ከዜሮ አቀናበርኩት፣ ሦስት ጊዜ። ገመዱን ቀየርኩ። የራውተሩን ሶፍትዌር አደስኩ። ቻናሉን ወደ 1 ወስጄ መልሼ አመጣሁት። አገልግሎት ሰጪው ጋር ስደውል «መስመርዎ ደህና ነው፣ ራውተርዎን ይመልከቱ» አሉኝ። እውነታቸውን ነበር፣ ግማሹን። እኔም ለሰው ሁሉ «ይሄን ራውተር እንዳትገዙ» ማለት ጀመርኩ።

ኅዳር ላይ አንድ ቅዳሜ ቡናዬን ይዤ ቡፌው ፊት ተቀመጥኩ። ሲጠፋ በዓይኔ ልይ አልኩ። እማዬ ማድ ቤት ሊጥ ታቀጥናለች። ማሰሻዋን አዘጋጀች፣ አክንባሎውን ጠረገች፣ ምጣዱን ሰካች። የሳሎኑ አምፖል ፍዝዝ አለ። በጣም ትንሽ፣ ዓይን እንደመጨፈን። ራውተሩ ላይ ምንም መብራት አልጠፋም። የኢንተርኔቷ ብቻ ከአረንጓዴ ወደ ብርቱካናማ ተቀየረች። ብርቱካናማ ማለት «እኔ አለሁ፣ ገመዱም አለ፣ ከወዲያ የሚመጣ የለም» ማለት ነው። ሮጬ በሩ ጀርባ ሄድኩ። የፋይበሩ ሳጥን መብራቶቹ በሙሉ ጠፍተው አንድ በአንድ እየበሩ ነው። ከእንቅልፉ እየነቃ! ሞቶ የተነሳው እሱ ነው።

«እማዬ፣ ምጣዱን ንቀይው እስኪ።»

«ምን ሆነሃል? ገና አሁን መጋሉ ነው!»

«አንዴ ብቻ።»

ነቀለችው። መልሳ ሰካችው። አምፖሉ ፈዘዘ፣ ሳጥኑ ጠፋ። ሦስተኛ ጊዜ ልሞክር ስል የሊጡን ጭልፋ አንስታ አየችኝ፤ ተውኩት።

እማዬ ስንት ዓመት ረቡዕና ቅዳሜ ጋግራለች። ሳጥኑ ለምን አሁን? ያኔ ነው የነሐሴው ትዝ ያለኝ። ክረምት ላይ መብራት ሄዶ ሲመጣ በጉልበት መጥቶ የሳጥኑን ቻርጀር አቃጠለው። እኔ በዚያው ሳምንት መንገድ ላይ ከዘረጋ ልጅ የምትመስለውን ገዝቼ ሰካሁ። ሠራ፣ ረሳሁት። የተቃጠለውን ከመሳቢያ አውጥቼ ከአዲሱ ጋር አስተያየሁ። በዋናው ላይ 12 ቮልት 1 አምፔር ይላል። በኔው ላይ 12 ቮልት 0.5። ቀዳዳው ገጥሟል፣ ቮልቱ ገጥሟል፣ አቅሙ ግን ግማሽ ነው። ቮልት እኩል መሆን አለበት፤ አምፔር እኩል ወይም ከዚያ በላይ። እኔ አምፔሩን አላየሁም።

የጎረቤታችን ልጅ ኤሌክትሪሺያን ነው፤ ቴስተሩን ይዞ መጣ። ምጣዱ ሳይሰካ ሶኬቱ 218 ቮልት ያሳያል። ሲሰካ 184። የኤሌክትሪክ ምጣድ 3,500 ዋት አካባቢ ይበላል፤ 16 አምፔር ማለት ነው። ይህን ሁሉ በአንዴ ሲስብ፣ ከቆጣሪ የሚመጣው ሽቦ ቀጭን ከሆነ የቤቱ ቮልቴጅ ይወርዳል። የራውተሩ ቻርጀር ከ100 እስከ 240 ቮልት ይቀበላል፤ 184 ለሱ ምንም አይደለም። ያቺ የመንገድ ቻርጀር ግን በደህናውም ቀን ጫፍ ላይ ነበረች። አንድ ሰከንድ ትደክማለች፣ ሳጥኑ ይሞታል፣ ተመልሶ እስኪነሳና እስኪገናኝ አራት ደቂቃ። ራውተሩ በሌለበት ሲከሰስ ነበር የከረመው።

አምፔሩ የሞላ ቻርጀር ገዛሁ። እዚያው ሱቅ እያለሁ ሚኒ ዩፒኤስም አነሳሁ፤ ውስጡ የሊትየም ባትሪ ያለው፣ የመጽሐፍ ቅዱስ ያህል ሳጥን። እውነቱን ልንገራችሁ፣ ከራውተሩ በላይ ያስደሰተኝ እሱ ነው። መብራት ሲሄድ ኢንተርኔቱ አይሄድም፤ ፋይበሩ በራሱ መስመር ይመጣል፣ ቤታችን ያሉት ሁለት ሳጥኖች ብቻ ናቸው መብራት የሚያጡት። ሻጩ ስምንት ሰዓት ይቆያል አለኝ። ሂሳቡን እንሥራ። ላዩ ላይ 8,800 ሚሊአምፔር-ሰዓት ይላል፣ በባትሪው 3.7 ቮልት ሲባዛ 32 ዋት-ሰዓት ገደማ። ራውተሩና ሳጥኑ አንድ ላይ 12 ዋት ቢበሉ ሦስት ሰዓት እንኳ አይሞላም፣ በመሐል የሚባክንም አለ። እኛ ቤት ሁለት ሰዓት ከሩብ ቆየ። ያም ቢሆን እህቴ አወራርታ እስክትጨርስ ይበቃል። ስትገዙ መውጫው 12 ቮልት መሆኑን እዩ፤ ባለ 9 ቮልት መውጫም አብሮ የሚኖረው አለ፣ እንዳይምታታባችሁ። ሁለቱንም ዕቃ የምትሰኩበት ከሆነ አምፔሩ ለሁለቱ ድምር መብቃቱንም ጠይቁ።

እናንተ ቤት ኢንተርኔት ከጠፋ፣ ሪሴት ከማድረጋችሁ በፊት መብራቶቹን ተመልከቱ። ሳጥኑ ላይ «ሎስ» የሚለው ቀይ ከበራ የፋይበሩ ብርሃን አይደርስም፤ ራውተር መነካካት ጊዜ ማባከን ነው፣ ደውሉ። ሳጥኑ ደህና ከሆነ ላፕቶፕ በገመድ ሳጥኑ ላይ ሰኩ። እዚያ ከሠራ ችግሩ ከራውተሩ ወዲህ ነው። እኔ ይህን የመጀመሪያው ረቡዕ አድርጌ ቢሆን ሁለት ወር አልደክምም ነበር።

ለማን ይሆናል? በፋይበር ወይም በሌላ ሳጥን ኢንተርኔት ለሚገባለት ቤት። ሲም ካርድ አይቀበልም፤ ኢንተርኔታችሁ በሲም ከሆነ ይህ ለእናንተ አይደለም። የፋይበሩን ወይም የስልኩን መስመርም በቀጥታ አይቀበልም፣ ሳጥኑ የግድ ነው። የዩኤስቢ ቀዳዳ የለውም። ዋይፋይ 5 የሚባለው ትውልድ ነው፤ ዋይፋይ 6 ያላቸው ወጥተዋል፣ ለ10 ሜጋቢት መስመር ግን ልዩነቱን አታዩትም። ግቢ ላለው ሰፊ ቤት አንዱ ብቻውን አይበቃም። ለኮንዶሚኒየም በቂ ነው።

«ጌስት» የሚለውንም ክፈቱት። ለእንግዳ ሌላ ስምና ሌላ ፓስወርድ ይሰጣል፣ እንግዳው ኢንተርኔት እንጂ ፕሪንተራችሁን አያይም። ለፋሲካ የአጎቶቼ ልጆች ሲመጡ ገና ጫማቸውን ሳያወልቁ «ፓስወርድ?» ነው። ወረቀት ላይ ጽፌ በሩ ጀርባ ለጥፌዋለሁ። በዓሉ ሲያልፍ እቀይረዋለሁ። ታች ያሉት ጎረቤታችን ጋሼ ግን ቋሚ ናቸው፤ ዋይፋዩ እሳቸው ቤት ሲደርስ ከምልክቱ አንድ መስመር ብቻ ነው የሚያሳየው፣ ለዜና ይበቃኛል ይላሉ።

ምጣዱ ከዚያ ወዲህ አንድም ጊዜ ኢንተርኔት አልወሰደብንም። እማዬ ግን አሁንም ረቡዕ ጠዋት በሬን ታንኳኳለች። «ልሰካው ነው፣ ስብሰባህን ጨርሰሃል?» ትለኛለች። ችግሩ መፈታቱን ሁለት ጊዜ ነግሬያታለሁ። ዩፒኤሱ ላይ ደግሞ አዲስ ዳንቴል አይቻለሁ፤ እስካሁን ከላይ ነው ያለው።